ቋሚ ብዬ የጻፍኩት ቁጥር

ባለፈው ሳምንት አንድ የማማክረው ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ረቂቅ ይዞልኝ መጣ። ሥራው ስለ አንቴና ነው። ስዕሎቹ ያማሩ፣ ሰንጠረዦቹም የተስተካከሉ ናቸው። ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ግን እንዲህ የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ፦ «የቁሱ ባሕርይ በተጠቀሰው የፍሪኩዌንሲ ክልል ውስጥ ቋሚ እንደሆነ ይታሰባል።» እስክሪብቶዬን አስቀመጥኩ። ወጣቱ ጥፋት ያገኘሁበት መስሎት ወንበሩ ላይ ተቁነጠነጠ። «ነገ ተመለስ፣ እንነጋገርበታለን» ብዬ ሸኘሁት። ያቺን ዓረፍተ ነገር እኔም በእሱ ዕድሜ ሳለሁ ቃል በቃል ጽፌያታለሁ። በሯን ዘግቼ ከሄድኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል ስል፣ ለካ እዚያው ቆማ ትጠብቀኝ ኖሯል።

ነገሩ የሆነው ሚሊኒየሙ ከተከበረ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ዲላ ውስጥ ረዳት መምህር ነበርኩ። ተወልጄ ያደግኩት ብርድ አገር፣ ደብረ ብርሃን ነው። ዲላን የመረጥኳት እኔ አይደለሁም፣ ዕጣ ነው የጣለኝ። ከተማዋ በአንድ ረጅም አስፋልት ግራና ቀኝ የተደረደረች ናት። የተከራየኋት ክፍል መስኮት አስፋልቱን ያያል። ጠዋት ጠዋት ወደ አዲስ አበባ የሚሄዱት አውቶቡሶች ጣሪያቸው ላይ የአናናስ ዘንቢል ጭነው ሲያልፉ እቆጥራቸዋለሁ። የማስተርስ ትምህርቴን ሳልጨርስ ከዚያ መንቀሳቀስ አልችልም ነበር፤ ከዩኒቨርሲቲው ጋር ውል ፈርሜያለሁ። አዲስ አበባ ጥሩ ሥራ ይጠብቀኛል፤ የሚጠብቀኝ ግን እስከ የካቲት ብቻ ነው። እንግዲህ ከአገሩ ጋር ጠብ ኖሮኝ አልነበረም። አገሩ ደግ ነው፤ ጎረቤቶቼ አቮካዶውን በሳፋ ያመጡልኝ ነበር። ግን የማይወጡበት ቤት ማር ቢቀባም ቤት አይሆንም።

ጥናቴ ስለ ቡና ርጥበት ነበር። የታጠበ ቡና ከነገለፈቱ በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሲደርቅ፣ ጆንያ ውስጥ መግባት ያለበት ርጥበቱ በልክ ሲሆን ነው። ቢበዛ ይሻግታል፣ ቢያንስ ይሰባበራል። እኔ አንድ ቱቦ ሠራሁ። ቱቦው ውስጥ ሁለት የመዳብ ሳህኖች አሉ፤ መሐላቸው ቡና ይጨመርና የሬዲዮ ሞገድ ይለቀቅበታል። ሞገዱ በቡናው ውስጥ ሲያልፍ ምን ያህል እንደተለወጠ ታይቶ ርጥበቱ ይሰላል። ለውጡ ስንት ርጥበት ማለት እንደሆነ የሚነግረኝ በኮምፒውተር የሠራሁት ሲሙሌሽን፣ ማለትም የቱቦው የሒሳብ አምሳያ፣ ነበር።

ችግሩ ውሃ ነው። ቡና ውስጥ ያለ ውሃ የኤሌክትሪክ መስክ ሲነካው ፊቱን ወደ መስኩ ያዞራል። መስኩ ቀስ እያለ ሲገላበጥ ውሃውም አብሮ ይገላበጣል። መስኩ ሲፈጥን ግን ውሃው ይዘገያል፤ በተለይ ፍሬው ሥጋ ውስጥ ተጣብቆ የተያዘው ውሃ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ ያው አንድ ቡና፣ ያው አንድ ርጥበት፣ በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም መስኩ ቀስ እያለ ሲገላበጥ፣ ሲያዩት ብዙ ውሃ የጠጣ ይመስላል፤ በከፍተኛው ሲያዩት ደረቅ ይመስላል። ይህን በሲሙሌሽን ለማሳየት የቡናውን ባሕርይ ከፍሪኩዌንሲ ፍሪኩዌንሲ መለካት፣ በልኬቶቹ መሐል የሚያልፍ ቀመር ማበጀት፣ ያንንም ፕሮግራሙ ውስጥ መክተት ያስፈልጋል። ፕሮግራሙም የአሁኑን መስክ ብቻ አይቶ መቀጠል አይችልም፤ ቀደም ብሎ ያለፈውንም እያስታወሰ መሄድ አለበት።

ሞክሬ ነበር። እውነቴን ነው፣ ወራት ሞክሬያለሁ። ቁጥሮቹ ለጥቂት ደቂቃ በጨዋነት ይሄዱና ድንገት ያብዳሉ፤ ስክሪኑን ትርጉም በሌላቸው አሃዞች ይሞሉታል። ሲሳካልኝ ደግሞ መብራት ይጠፋል። በመጨረሻ ተስፋ ቆረጥኩና ከአንድ የቆየ የውጭ አገር ጥናት አንድ ቁጥር አነሳሁ። ያ ቁጥር በዝቅተኛ ፍሪኩዌንሲ የተለካ ነው። የእኔ ቱቦ የሚሠራው ከዚያ በብዙ እጥፍ በፈጠነው ነበር። ቁጥሩን ከተትኩና «ቋሚ እንደሆነ ይታሰባል» ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ እንደ ቅቤ ሄደ፤ ስዕሎቹም አማሩ። አማካሪዬ ከአዲስ አበባ ደውለው «ከፍሪኩዌንሲው ጋር ያለውን ለውጥ አስገብተሃል?» ሲሉኝ «አዎ ዶክተር» አልኩ። አንድ ቃል ናት። ከአፍ ስትወጣ ምንም አትከብድም።

በታኅሣሥ፣ ቡናው በሚታጠብበት ሰሞን፣ መሣሪያዬን ለመሞከር ሬኮ ወደምትባል መንደር ወረድኩ። እስከ ጨለለቅቱ በሚኒባስ፣ ከዚያ በሞተር ነው የሚኬደው። ሻንጣዬ ውስጥ ቱቦው፣ ላፕቶፕና አንዲት ስስ ሚዛን ነበሩ። የተቀበለኝ ማጠቢያ ጣቢያ ከሬኮ ማዶ፣ ወንዝ ዳር ያለ የግል ጣቢያ ነው፤ ስሙን እዚህ መጥራት አልፈልግም። ከገደሉ በላይ የእንሰት ጓሮዎች፣ በእንሰቱ ጥላ ስር ቡና፣ ከታች ደግሞ በረድፍ የተተከሉ የማድረቂያ አልጋዎች። አየሩ ገንዳ ውስጥ የተዘፈዘፈ ቡና ሲብላላ የሚሰጠውን ያን ጎምዘዝና ጣፈጥ ያለ ሽታ ይሸታል።

የጣቢያው ኃላፊ ታምራት ይባላል። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም፣ ቀኑን ሙሉ ከእግሩ የማይለይ ቦቲ ጫማ ነበረው። ነፍሰ ጡር ሚስቱ የምትኖረው ይርጋጨፌ ከተማ ነው። አዲስ ነገር የሚወድ ሰው ነው። መሣሪያዬን ሲያይ እንደ ሕፃን ደስ አለው፤ የራሱን ክፍል ለቆልኝ እሱ ቢሮው ውስጥ ፍራሽ አነጠፈ።

የአልጋዎቹ አለቃ ደግሞ እትዬ አስቴር ነበሩ። ሃምሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ የመንደሩ ቤተ ክርስቲያን ዘማሪ የሆኑ የጌዴኦ ሴት ናቸው። ቡና የሚለኩት በጥርሳቸው ነው። ገለፈቷን ይልጡና ፍሬዋን ይነክሷታል፣ ከዚያ ይፈርዳሉ። እሳቸው ሳይፈርዱ ጆንያ የገባ ቡና በዚያ ጣቢያ አልነበረም።

ሰኞ ጠዋት ሰማዩ በምዕራብ በኩል ጠቁሮ ነበር። ታኅሣሥ የዝናብ ወር አይደለም፤ ግን ደመናው ወሩን አልጠየቀም። ታምራት ተጨንቋል። አልጋዎቹ ሞልተዋል፣ የታጠበ አዲስ ቡና ቦታ አጥቶ ይጠብቃል። እፍኝ ቡና ዘግኖ ቱቦዬ ውስጥ ጨመረ። ቁጥሩ ወጣ፤ አሥራ አንድ ተኩል በመቶ። ለጆንያ የሚበቃ ድርቀት ነው።

«በቃ፣ ደርሷል!» አለ።

እትዬ አስቴር አንዷን ነከሱ። «አልደረሰም» አሉ። «ገና ለስላሳ ናት። ሦስት ቀን ፀሐይ ትፈልጋለች።»

«ማሽኑ ደርሷል ይላል እኮ።»

«ማሽኑ ጥርስ አለው?»

ቡና የሚያገላብጡት ሴቶች ሳቁ። ታምራት ፊቱ ቀላ፤ ወደ እኔ ዞረ። «እስቲ መምህር ንገረን፣ ማንን እንመን?»

እትዬ አስቴርም ወደ እኔ ዞረው ጠበቁ። ያን ጊዜ «እኔም እርግጠኛ አይደለሁም» ብል ኖሮ ሁሉም ነገር እዚያው ያልቅ ነበር። የቱቦውን ሽቦ የማስተካክል መስዬ አቀረቀርኩ። «በኮምፒውተር የተሰላ ነው» አልኩ።

«ሰሙ?» አለ ታምራት። «እትዬ አስቴር፣ ከነገ ጀምሮ ብልሹ ፍሬ ለቀማው ጋ ይሁኑ። የአልጋውን ነገር እኛ እናየዋለን።»

እሳቸውም ሽርጣቸውን ፈቱ፣ አጣጥፈው አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጡት፣ በእግር መንገዱ ሽቅብ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ወደ ለቀማውም አልመጡም።

ቡናው በዚያው ቀን በጆንያ ተሞልቶ ከዲላ በመጣው የሸምሱ አይሱዙ ላይ ተጫነ። ሸምሱ ጨዋታ አዋቂ ሾፌር ነው፤ ነገ ዲላ ምሳዬን እበላለሁ እያለ የመጨረሻውን ገመድ ሲያስር ዝናቡ ጀመረ። ምን ዓይነት ዝናብ እንደነበር ለመናገር ቃል ያጥረኛል። ቆርቆሮው ስር ተጠግተን ቆመን ሳለ ከጣቢያው በላይ ያለው ቁልቁለት እንደ ትልቅ እንስሳ አጉረመረመና መንገዱን ከነዛፎቹ ይዞት ወረደ። ከታች ወንዙ ሞልቷል፣ ከላይ ናዳ ነው። መኪናም ሞተርም አያልፍም። ተዘጋብን።

ማክሰኞ ቀኑን ሙሉ ዘነበ። የምሠራው ቢጠፋኝ ማድ ቤት ገብቼ ከፍም ዳር ተቀመጥኩ። ምግብ አብሳይዋ ለሠራተኛው ጎመን ትቀቅላለች። የርጥበት እውነተኛ ልኬት ቀላል ነው፤ ቡናውን መዝኖ፣ በእሳት አድርቆ፣ እንደገና መመዘን ነው። ይህን ዲላ ስመለስ በላቦራቶሪው ምድጃ አደርገዋለሁ ብዬ ነበር ያቆየሁት። ጊዜ ለመግደል ያህል ሰኞ ከተጫነው ቡና ካስቀረሁት ናሙና ትንሽ ወስጄ በብረት ድስት ላይ፣ በለዘብተኛ ፍም አደረቅኩ። ሚዛኑ መውረዱን እስኪያቆም ድረስ መዘንኩ። ሒሳቡን ሠራሁ። ወደ አሥራ አምስት ይጠጋል።

ተሳስቻለሁ ብዬ ሌላ እፍኝ ወሰድኩ። ያው ነው። ሦስተኛም ሞከርኩ። ምግብ አብሳይዋ «መምህር፣ ቡናው አላማረህም እንዴ?» ብላ ሳቀችብኝ። ስህተቱ ከየት እንደመጣ ለማወቅ አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ቱቦዬ በፈጠነው ሞገድ የደከመውን ውሃ አላየውም። ያላየውን ውሃ ደግሞ «የለም» ብሏል። እትዬ አስቴር ልክ ነበሩ።

የዚያን ሳምንት ቀናት አንድ በአንድ ማስታወስ እችላለሁ። ረቡዕ ዘነበ። ታምራት ጋቢውን አምጥቶ አለበሰኝ፤ «ደጋ አገር አድገህ እንዴት ይበርድሃል?» አለኝ። ብነግረው ምን ይሆናል? ጥናቴ ይወድቃል። ለአማካሪዬ «አዎ» ማለቴ ይታወቃል። የካቲት ያልፋል፣ ሥራው ይሄዳል፣ እኔ ያቺ መስኮት ጋ ቆሜ አውቶቡስ ስቆጥር እቀራለሁ። ምሳ ላይ ሁላችንም አንድ ትሪ ከበን ቆጮ በጎመን ስንበላ፣ ሸምሱ «አላህ ይህን መንገድ ይክፈትልን» ሲል ሁሉም አሜን ይላል። እኔም አሜን እላለሁ። በልቤ ግን መንገዱ እንዳይከፈት እለምናለሁ። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይከፈትና ቡናው ይሂድ፣ ከሌላ ቡና ጋር ተቀላቅሎ ይጥፋ እላለሁ። በዚያ ግቢ ውስጥ ከሁለቱ አንዱን እንኳ አጥብቄ መመኘት አልቻልኩም።

ሐሙስ ዝናቡ ጋብ ሲል ኔትወርክ ወዳለበት ኮረብታ ወጣሁ። አማካሪዬ ጋ ደወልኩ፤ ለመናገር ቆርጬ ነበር።

«የት ጠፋህ?» አሉኝ። «የመመረቂያ ጽሑፍህን መከላከያ ቀን አስወስኛለሁ። ልኬቱ ከሲሙሌሽኑ ጋር ገጠመ?»

ድምፃቸው ኩልል ብሎ ነበር የሚሰማኝ። «ሄሎ? ሄሎ ዶክተር? አይሰማኝም» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።

ስወርድ በእትዬ አስቴር ጓሮ ነው መንገዱ። እንሰት ሲፍቁ አገኘኋቸው። እንዳላየ ሆኜ ላልፍ ስል «ግባ እንጂ፣ መምህር፣ ረጥበሃል» አሉኝ። በእጃቸው የሞቀ የቡላ ገንፎ በላሁ። ስለ እኔና ስለ ማሽኔ አንዳች አልተናገሩም። የጠየቁኝ ስለ ቡናው ነው።

«ቡናው እንዴት ሆነ፣ ሸራ ስር?»

«ደህና ነው።»

«እርጥብ ቡና ጆንያ ውስጥ ትሞቃለች» አሉ። «እንደ ታመመ ሕፃን ነው። እጅህን ብታስገባ ታገኘዋለህ።»

ጣቢያው ስደርስ ሰው ሁሉ ገንዳው ጋ ነበር። የመኪናውን ሸራ ገለጥ አድርጌ የአንዱን ጆንያ አፍ ፈታሁ። እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁ። ይሞቃል። እጄን አወጣሁና ጆንያውን መልሼ አሰርኩት። ይህን ስጽፍ እንኳ ጣቶቼ ያንን ሙቀት ያስታውሱታል። ዓርብም ዝም አልኩ።

ቅዳሜ ፀሐይ ወጣ። የመንደሩ ሰው ዶማና አካፋ ይዞ ገና በማለዳ ናዳው ላይ ወጣ፤ እኔም አብሬ ድንጋይ አነሳሁ። ወደ አምስት ሰዓት ገደማ መኪና የሚያሳልፍ መንገድ ተገኘ። እልልታ ሆነ። ሸምሱ ሞተሩን አስነሳ። ታምራት የመውጫ ወረቀቱን እየፈረመ ሳለ እግሬ በራሱ ሄዶ መኪናው ፊት ቆመ።

«ቡናው አልደረቀም» አልኩ።

ታምራት ቀልድ መሰለው። «አምስት ቀን ሲዘንብ የት ይድረቅ?» ብሎ ሳቀ።

«ሲጫንም አልደረቀም ነበር። ማሽኑ ተሳስቷል። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። እትዬ አስቴር ልክ ነበሩ።»

ሳቁ ፊቱ ላይ ቆሞ ቀረ። ከዚያ መኪናው ላይ ወጣ፣ አንዱን ጆንያ ፈታ፣ እጁን ከተተ። ሸምሱ ሞተሩን አጠፋ።

«መቼ አወቅክ?» አለኝ ታምራት፣ ሳያየኝ።

«ማክሰኞ።»

«ዛሬ ቅዳሜ ነው።»

ይህን ብሎ ጆንያዎቹን በጀርባው ማውረድ ጀመረ፤ ሰዎቹም ተከተሉት። ቡናው አልጋ ላይ ሲፈስ ከላይ ከላይ የተጫነው ደህና ነበር። ከታች ያለው ግን መልኩ ጠይሟል፣ ሽታውም እንደ እርጥብ ምድር ቤት ነው። ታምራት ራሱ ሽቅብ ሄዶ እትዬ አስቴርን ይዟቸው መጣ። ምን ብሎ እንደለመናቸው አላውቅም። አንዳንዱን እያሸተቱ፣ አንዳንዱን እየነከሱ «ይሄ ወደ አልጋ፣ ይሄ ወደ ውጭ» እያሉ እስከ አመሻሽ ለዩ። ወደ ውጭ ያሉት ክምር ከአንድ ሰው ቁመት በለጠ። ሥራውን ሲጨርሱ እጃቸውን ታጠቡና ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሽርጡን አላነሱትም።

ታምራት የቡናው ወቅት ሳያልቅ ከሥራው ለቀቀ፤ ተባሮ ይሁን ወዶ የነገረኝ የለም። የጣቢያው ባለቤት እኔን አንድ ቃል አልተናገሩኝም፤ ተጠያቂው ኃላፊው ነበር። ለአማካሪዬ ዲላ በገባሁ ዕለት ሁሉንም ነገርኳቸው። «ስህተቱን እናርመዋለን፣ 'አዎ' ያልከኝን ግን እንዴት አድርጌ ላርመው?» አሉኝ። መከላከያው ተሰረዘ፣ የአዲስ አበባው ሥራም ሄደ። አንድ ዓመት ተጨማሪ ዲላ ተቀመጥኩ፤ ቡናውን ከርጥበት ርጥበት፣ ከፍሪኩዌንሲ ፍሪኩዌንሲ ለካሁ። ፕሮግራሙን የሚያሳብደውንም ነገር በመጨረሻ አገኘሁት፤ አንዲት የተዛባች የመደመር ምልክት ነበረች። ቀመሩ በልኬቶቹ መሐል ሲያልፍ ብቻዬን ቁጭ ብዬ አየሁት። ደስታ ይሰማኛል ብዬ ነበር።

እትዬ አስቴርን ከዚያ በኋላ ያየኋቸው አንድ ጊዜ ነው። ኮንጋ አካባቢ ሌላ ጣቢያ መቀጠራቸውን ሰምቼ ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄድኩ። አልጋ እያገላበጡ ነበር፤ ሥራቸውን ሳያቋርጡ ሰሙኝ።

«በማሽኑ አልተቀየምኩም» አሉ። «ማሽንም ሰው የሠራው ነው፣ ይሳሳታል። ግን ያን ቀን አቀረቀርክ። ቀና ብለህ አይተኸኝ ቢሆን፣ ትናገር ነበር።» ከዚያ ምሳ በልቼ እንደሆነ ጠየቁኝ።

አሁን ራሴ ከሚያማክሩት ወገን ነኝ። ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬያለሁ፤ የምነግራቸው ግን ስለ ውሃና ስለ ፍሪኩዌንሲ ብቻ ነው። የተስተካከለውን ስዕል አሳያቸውና ክፍሉ ይበተናል። ስለ ማክሰኞና ስለ ቅዳሜ ነግሬያቸው አላውቅም፤ በማግስቱ ለተመለሰው ለዚያ የአንቴና ተማሪም አልነገርኩትም። ሰዎች ስለዚያ ሳምንት ሲጠይቁኝም «ዝናብ ዘግቶን ነበር» እላለሁ። እውነት ነው፣ መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ከማድ ቤቱ እስከ ታምራት ቢሮ ያለው ግን ድንጋይ የተነጠፈበት ሠላሳ እርምጃ ነው፤ ጭቃ እንኳ አልነበረውም።